ወሩ 25 ሲሞላ፦ ለዛሬ ማድላት በሥራ ቦታ

ወሩ 25 ሲሞላ የቢሮዬ በር አያርፍም። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ መካከለኛ ማምረቻ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ደሞዝ የሚገባው በ30 ነው። ከ25 ጀምሮ ግን ቅድሚያ ጠያቂው ይበዛል። «ጋሼ፣ 2,000 ብር ብቻ፣ ከደሞዜ ላይ ይቆረጥ» ይሉኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምክር እሰጥ ነበር። ዛሬ ወስደሽ በ30 ሲቆረጥብሽ የሚቀጥለው ወር ደሞዝሽ 20 ላይ ነው የሚያልቀው፣ እስቲ አንድ ወር ቻል አድርጊውና ከዚህ አዙሪት ውጪ እያልኩ። በአክብሮት ያዳምጡኛል፣ ይፈርማሉ፣ ብሩን ይዘው ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ወርም 25 ላይ ይመለሳሉ።

ሰነፎች ቢሆኑ ነገሩ ቀላል ነበር። አይደሉም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተው ሰርቪስ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ሂሳብም ይችላሉ፣ ቅድሚያው እንደሚጎዳቸው ሳልነግራቸው ያውቁታል። ታዲያ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ስለ እነሱ ብዬ የጀመርኩት ነገር ስለ አለቆቼም ስለ ራሴም ሆኖ አገኘሁት።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ 1,000 ብር ይሻላችኋል ወይስ ከሳምንት በኋላ 1,100? ብዙ ሰው «ዛሬ» ይላል። አሁን ጥያቄውን ትንሽ ልለውጠው። የዛሬ ዓመት 1,000 ብር ወይስ የዛሬ ዓመት ከሳምንት 1,100? እዚህ ጋ ብዙዎቻችን «ዓመት ከጠበቅኩ ሳምንት ምን ትሆንብኛለች» ብለን 1,100ውን እንመርጣለን። ልብ በሉ፣ በሁለቱም ጥያቄ የምትጠበቀው አንዲት ሳምንት ናት፣ ጭማሪውም ያው 100 ብር ነው። የተለየው ከዛሬ ያለው ርቀት ነው። ዓመቱ ሞልቶ ያ ቀን «ዛሬ» ሲሆን እንደገና ብንጠየቅ ደግሞ ብዙዎቻችን ሐሳባችንን ቀይረን 1,000ውን እንቀበላለን። በመካከሉ የተለወጠ ነገር የለም፣ ቀኑ ቀረበ እንጂ።

የድሮው ኢኮኖሚክስ ይህን አይጠብቅም ነበር። ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1937 ያቀረበው ስሌት፣ ሰው የሩቁን ጥቅም ዋጋ የሚቀንሰው በእኩል መጠን እንደሆነ ያስባል። በዛሬና በነገ መካከል ያለው ቅናሽ፣ የዛሬ ዓመት በሁለት ተከታታይ ቀናት መካከል ካለው ጋር አንድ ነው ማለት ነው። ሪቻርድ ታለር፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ሰዎችን እንዲህ ብሎ ጠየቀ፤ 15 ዶላር ደርሶሃል፣ አሁን ከምትወስደው ብትጠብቅ ስንት ሊሰጥህ ይገባል? ለአንድ ወር፣ ለአንድ ዓመት፣ ለአሥር ዓመት። መካከለኛዎቹ መልሶች 20፣ 50 እና 100 ዶላር ነበሩ።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ቁጭ ብላችሁ አስሏቸው። ለአንድ ወር ትዕግሥት ከ15 ወደ 20 የጠየቀ ሰው በወር አንድ ሦስተኛ ጭማሪ ጠየቀ ማለት ነው። በዚያው ሂሳብ 12 ወር ቢቀጥል የዓመቱ ዋጋ ከ470 ዶላር በላይ ይሆናል። እሱ ግን የጠየቀው 50 ብቻ ነው። ስለዚህ ትዕግሥት የሚያልቅብን ሁልጊዜ አይደለም። ዛሬን ልቀቁ ስንባል ነው እንጂ ሩቅ ያለውንማ ለመጠበቅ ቸሮች ነን።

ዴቪድ ላይብሰን የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1997 ነገሩን በቀላል መንገድ አስቀመጠው። ዛሬ ያልሆነ ነገር ሁሉ፣ ነገም ይሁን የዛሬ ዓመት፣ በልባችን አንድ ጊዜ ዋጋው ዱብ ይላል። ለምሳሌ ግማሽ ይሁን። ያን ጊዜ የዛሬው 1,000 ብር 1,000 እንደሆነ ይቆማል፣ የሳምንቱ 1,100 ግን 550 መስሎ ይታያል። ዛሬ አሸነፈ። ሁለቱም ሩቅ ሲሆኑ 1,000ውም 500 ይሆናል፣ 1,100ውም 550። ትዕግሥት አሸነፈ። ያው ሰው፣ ያው ልብ። ይህንን ነው እኔ ለዛሬ ማድላት የምለው። የሚጣፍጠውን ወደ ዛሬ መሳብ ብቻ አይደለም፣ የሚመረውን ወደ ነገ መግፋትም ነው። ሪፖርት መጻፍ፣ አስቸጋሪ ሠራተኛ ጠርቶ ማነጋገር፣ ማሽን ማስቆምና ማስጠገን፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ሥራ ቦታ ላይ ይህ ነገር የሚብሰው ለምን መሰላችሁ? ሥራ ድካሙ ዛሬ፣ ክፍያው ኋላ ስለሆነ ነው። ማለዳ ሁለት ሰዓት ላይ ማሽን ፊት የተቀመጠች ልጅ ጀርባዋን የሚያማት አሁን ነው። ደሞዙ ግን በ30 ነው፣ ዕድገቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ጡረታው ደግሞ ጨርሶ አይታይም።

በዚህ ጉዳይ ካነበብኩት ሁሉ በጣም ያስደነቀኝ ሕንድ ውስጥ ማይሶር ከተማ የተደረገ ሙከራ ነው። ሱፕሪት ካውር፣ ማይክል ክሬመርና ሴንዲል ሙላይናታን ናቸው ያጠኑት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ሠራተኞቹ ዳታ ኢንትሪ የሚሠሩ፣ በሠሩት ልክ የሚከፈላቸው ነበሩ። የሚከፈሉበት ቀን በዕጣ ተለያየ። የታየው ምንድን ነው? የክፍያው ቀን ሲቃረብ ምርታቸው ይጨምራል። የአንዱ ገጽ ዋጋ ሰኞም ሐሙስም ያው ነው፣ ብሩ ግን ሲቀርብ ይታያል፣ ሲታይ ደግሞ እጅ ይፈጥናል።

ከዚያ ደግሞ አንድ የሚገርም ውል አቀረቡላቸው። የዕለቱን ግብ ራስህ ትወስናለህ፣ ካላሟላህ ክፍያህ በግማሽ ይቀንሳል፣ ካሟላህ ግን የምታገኘው የተለመደውን ብቻ ነው። ይህ ውል ምንም ጥቅም የለውም፣ ቅጣት ብቻ ነው። በኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ማንም ጤነኛ ሰው አይቀበለውም። ሠራተኞቹ ግን ከሦስት ጊዜ አንዱን ያህል በፈቃዳቸው መረጡት፣ ሲመርጡትም ምርታቸውና ገቢያቸው ጨመረ። በክፍያ ቀን አካባቢ ብቻ የሚፈጥኑት ሰዎች ናቸው ከዚህ ውል ይበልጥ የተጠቀሙት። ሰዎቹ ራሳቸውን ያውቁ ነበር። ነገ ጠዋት ልባቸው ምን እንደሚል ስለሚያውቁ ዛሬ ገመድ አሰሩበት።

ይህን ሳነብ ወዲያው የታየኝ እቁብ ነው። እኛ ድርጅት ውስጥ 12 ሰዎች በወር 1,000 ብር የሚጥሉበት እቁብ አለ። ወለድ የለውም። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው 12,000 ብሩን የሚያገኘው ዋጋው ከወጣ፣ ጤፉም ጫማውም ከተወደደ በኋላ ነው። በደረቅ ሂሳብ ከሄድን ይህ የመጨረሻው ሰው ብሩን ራሱ ቤት ቢያስቀምጥ ያው ነው። ማንም ግን አይወጣም። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ቤት የተቀመጠ ብር አይቆይም። እቁቡ የሚሰበሰበው ደሞዝ በገባ ዕለት ነው፣ ሦስት ቀን እንኳ ቢዘገይ ዳኛዋ ብሩን እንደማታገኘው ታውቃለች። ጓደኛ ፊት ማፈር ደግሞ የማይሶሩ ውል ላይ ያለውን ቅጣት ይተካል። ብዙ ሰው እቁብን የባንክ እጥረት የወለደው ነገር አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ እንደሚመስለኝ ከዚያ በላይ ነው፣ አያቶቻችን ለገዛ ልባቸው የሠሩት ቁልፍ ነው።

አሁን ብዙ ገንዘብ ወደሚጠፋበት ጉዳይ ልምጣ፣ ጡረታ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ መሠረት ከሠራተኛው ደሞዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። አንዳንድ ቦታ አዲስ ሠራተኛ «ጡረታው ይቅርብኝ፣ በእጄ ይሰጠኝ» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። ሕጉ አይፈቅድም፣ አንዳንድ አሠሪ ግን ደስ ይለዋል፣ 11 በመቶው ቀረለታ። ደሞዙ 8,000 ብር የሆነ ሰው በዚህ ስምምነት በወር 560 ብር በእጁ ይገባለታል። የሚያጣው ግን የራሱን 560 እና የአሠሪውን 880፣ በድምሩ 1,440 ብር ነው። በዓመት 17,280 ብር በስሙ ሳይገባ ይቀራል። 560ዋ ለምን እንደምታሸንፍ አሁን ግልጽ ነው፣ ዛሬ ናት። 880ው ሰውየው አይቶት አያውቅም።

የዓመት ፈቃድም እንዲሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፣ ፈቃዱን በገንዘብ መቀየርም በመደበኛው ይከለክላል። «ፈቃዱን አልፈልግም፣ ብሩን ስጡኝ» የሚል ሰው በየወሩ ይመጣል። ድሮ ሕጉ ግትር ይመስለኝ ነበር። ሰውየው ራሱ ካልፈለገ ለምን? አሁን እንደዚያ አላይም። ያ ሰው ዛሬ የሚሸጠው የሚቀጥለውን ነሐሴ ወገቡን ነው፣ የነሐሴው ሰውዬ ደግሞ እዚህ ቢሮ መጥቶ ሊከራከር አይችልም። ሕጉ ስለ እሱ ቆሟል።

ስለ አንድ የስቶር ሠራተኛችን ልንገራችሁ። ማታ አካውንቲንግ ይማር ነበር። ሥራ ሲበዛ ኦቨርታይም መጣ፣ በቀን የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በሕጉ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፣ ማታ ከሆነም ከዚያ ይበልጣል። ኦቨርታይሙ በዚያው ወር ደሞዝ ላይ ይታያል፣ ዲፕሎማው ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ክፍል መግባት አንድ ቀን ቀረ፣ ሁለት ቀን ቀረ፣ ከዚያ አቆመ። «መስከረም ላይ እመለሳለሁ» አለኝ። መስከረም መጣ። የሚቀጥለውም መጣ። ሦስተኛው ላይ ራሱ ነው ነገሩን ያነሳብኝ፣ ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን አሁንም ትዝ ይለኛል። ቴድ ኦዶናሁና ማቲው ራቢን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 በጻፉት ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይለያሉ። አንዱ ለዛሬ እንደሚያደላ የሚያውቅ ነው፣ ስለዚህ መላ ይፈልጋል። ሌላው «ነገ የተለየ ሰው እሆናለሁ» ብሎ ከልቡ የሚያምን ነው። ይህ ሁለተኛው አንድ ቀን ብቻ ነው የሚያራዝመው፣ ግን በየቀኑ። ያ ልጅ ደካማ አልነበረም፣ የመስከረሙን ራሱን በጣም አምኖት ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሠራተኛው ነው። አለቃ ቤትም ሁኔታው ያው ነው፣ እንዲያውም ጉዳቱ ይሰፋል።

ከዓመታት በፊት የሠራሁበት አንድ ፋብሪካ ነበር። ወር መጨረሻ ላይ የሚላክ ዕቃ ስለሚኖር የማሽኖቹ የጥገና ቀን ሁልጊዜ «ከጭነቱ በኋላ» ይባላል። ከጭነቱ በኋላ ደግሞ አዲስ ወር ነው፣ አዲስ ታርጌት። ሜካኒኩ በየሳምንቱ ያስጠነቅቅ ነበር። የምርት ኃላፊውም ክፉ ሰው አልነበረም፣ የሚለካው ግን በወሩ ምርት ነበር፣ ማሽን አራት ሰዓት ቢያቆም የሚጠየቀው በዚሁ ወር ነው፣ ማሽኑ ቢሰበር የሚጠየቀው መቼ እንደሆነ አይታወቅም። በመጨረሻ አንዱ መስመር ሙሉ ሳምንት ቆመ። ሠራተኛው ያለ ሥራ ተቀምጦ ዋለ፣ የዚያ ወር ቦነስም ቀረ። ቦነሱን ያጣችው ጥገናውን ያላራዘመችው ልጅ ናት፣ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ይህ የአንድ ፋብሪካ ጠባይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ግርሃም፣ ሃርቬይና ራጅጎፓል የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ከ400 በላይ የፋይናንስ ኃላፊዎችን ጠይቀው ያሳተሙት ጥናት አለ። የሩብ ዓመቱን የትርፍ ግብ ለመምታት ሲሉ እንደ ምርምር፣ ማስታወቂያና ጥገና ያሉ ወጪዎችን እንደሚቀንሱ የተናገሩት 80 በመቶ ያህሉ ናቸው። እነዚህ ብዙ የተማሩ፣ ቀን ሙሉ ስለ ወደፊት ትርፍ የሚያሰሉ ሰዎች ናቸው። እኔ ቢሮ ለቅድሚያ ከሚሰለፉት የሚለያቸው የብሩ መጠን ነው።

ከተማችን ውስጥ ዞር ዞር ብትሉም ታዩታላችሁ። የባጃጅ ሹፌሩ ለባለንብረቱ የዕለት ገቢ ማስገባት አለበት፣ ስለዚህ ዘይት የሚቀየርበት ቀን ይገፋል። አሞራ ገደል ጠዋት ብትሄዱ፣ በጠባብ መረብ የተያዙ ገና ያላደጉ ትንንሽ ቆሮሶዎች ታያላችሁ። አሳ አጥማጁ ቢተዋቸው እንደሚያድጉ አሳምሮ ያውቃል። ግን እሱ ቢተዋቸው ጎረቤቱ ነገ ያወጣቸዋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ነው፣ ወደ እሱ ልመጣ ነበር።

ዛሬን የመረጠ ሁሉ ተሳስቷል ማለት አይደለም። በቋንቋችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንላለን። በዚያው አፋችን ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንላለን። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ የሚለያቸው ቃል የገባው ሰው ማንነት ነው።

በከረሜላ የሚደረገውን የልጆች ሙከራ ሰምታችሁ ይሆናል፣ አንዱን አሁን ብላ፣ ከጠበቅክ ሁለት ይሰጥሃል የሚለውን። ለብዙ ዓመታት ስለ ልጁ ጽናት ብቻ ነበር የሚወራው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሰለስት ኪድና ባልደረቦቿ አንድ ነገር ጨመሩበት። ከከረሜላው በፊት ተመራማሪዋ ለልጆቹ «ይበልጥ ቆንጆ የሥዕል መሣሪያ ላመጣላችሁ ነው» አለቻቸው። ለግማሾቹ አመጣች፣ ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ የለም» አለች። ከዚያ ከረሜላው ቀረበ። ቃሏን ያከበረችላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ጠበቁ። ያታለለቻቸው 3 ደቂቃ። ሦስት ደቂቃ የጠበቁት ልጆች ችኩሎች ናቸው እንበል? እኔ አልልም። ያዩትን ነው ያመዛዘኑት።

ይህን ወደ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልውሰደው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመረቅ ከየወረዳው ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች መጡ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ሪፖርት መነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር ያህል ነበር። ፋብሪካዎቹም በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ያህል ይተኩ ነበር። ያን ጊዜ በየስብሰባው ይባል የነበረው «ትዕግሥት የላቸውም፣ ሥራ ሳይለምዱ ይሄዳሉ» ነበር። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይታ የምትኖርን ልጅ ትዕግሥት የለሽ ማለት ይከብደኛል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ዴርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ያደረጉት ጥናትም አለ። የፋብሪካ ሥራ ያገኙት ሰዎች አብዛኞቹ ቶሎ ለቀቁ። ገቢያቸው መደበኛ ካልሆነው ሥራ እምብዛም የማይበልጥ፣ ሥራው ደግሞ አድካሚና ለጤና የሚያሰጋ ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ ቃሉ ራሱ ተናጋ። እ.ኤ.አ. ጥር 2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል፣ ተሰረዘች፣ ትልልቅ ገዢዎች ሄዱ፣ «ቆይ፣ ታድጊያለሽ» የተባለችው ልጅ የምታድግበት መስመር ተዘጋ።

የዋጋ ንረቱንም አትርሱት። ብር በየዓመቱ አቅሙ በሚቀንስበት አገር ዛሬ ዘይትና ጤፍ ገዝቶ ማስቀመጥ ችኩልነት አይደለም።

ታዲያ ለዛሬ ማድላትን ከብልህ ምርጫ እንዴት እንለየው? እኔ የምጠቀምበት መለያ አንድ ነው። ሰውየው ዛሬ የሚያፈርሰው ራሱ ትናንት ያቀደውን ነው ወይስ ሌላ ሰው ያቀደለትን? የፓርኩ ልጅ የለቀቀችው እኛ ያቀድንላትን ዕድገት ነው። የስቶሩ ልጅ የተወው ግን ራሱ የተመዘገበበትን፣ ከፍሎ የጀመረውን፣ አሁንም የሚፈልገውን ትምህርት ነው። የመጀመሪያዋን ምክር አይረዳትም፣ የተሻለ ደሞዝና የሚታመን ቃል ነው የሚያስፈልጋት። ሁለተኛውንም ምክር አይረዳውም፣ እሱ መካሪ አላጣም። እሱን የሚረዳው የአሠራር ለውጥ ነው።

ስለ አሠራሩ ከሞከርነው ጥቂት ልንገራችሁ፣ ሁሉም አልሠራም።

የዓመት ቦነሳችንን በየሳምንቱ ከፋፍለን መስጠት ጀመርን። ምርቱ ወዲያው ጨመረ፣ ተደሰትን። በሦስተኛው ሳምንት ከጥራት ቁጥጥር የሚመለሰው ዕቃ ተከመረ። ሽልማትን ስታቀርቡት የሚፈጥነው የለካችሁት ነገር ነው፣ እኛ ቁጥር ለካን፣ ቁጥር አገኘን። አሁን የሚቆጠረው ጥራት ያለፈው ብቻ ነው። ሽልማት አቅርቡ የሚል ምክር ስትሰሙ ይህን አብራችሁ አስቡ፣ እኛ በብዙ ዕቃ ነው የተማርነው።

ለቢሮ ሠራተኞች የሩብ ዓመቱን ሪፖርት በአንድ ቀን ከመቀበል በሦስት ቀነ ገደብ ከፈልነው። ዳን አሪየሊና ክላውስ ቨርተንብሮክ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት ላይ ተማሪዎች ለሦስት ጽሑፎች የራሳቸውን ቀነ ገደብ እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው። ብዙዎቹ ሁሉንም መጨረሻ ላይ ማድረግ እየቻሉ በፈቃዳቸው ቀደም ያለ ቀን ቆረጡ። ቀኑን እኩል ያከፋፈሉት የተሻለ ሠሩ። እኛም ቀኑን ራሳቸው እንዲቆርጡ ነው ያደረግነው፣ በእኔ ከተቆረጠ ቂም ያመጣል።

ስለ ቅድሚያው ደግሞ ደሞዝ በወር ሁለት ጊዜ፣ በ15 እና በ30 ይከፈል ብዬ ጠየቅኩ። ፋይናንስ ክፍሉ እምቢ አለ፣ ፔሮል ሁለቴ መሥራት ነው። የእነሱ ድካም ዛሬ ነው፣ ጥቅሙ ግን በእኔ በር ላይ የሚታይ፣ የሚዘገይ ነገር ነው። ስለዚህ አልተከራከርኩም። በአንድ ክፍል ብቻ ለሦስት ወር እንሞክር፣ የቅድሚያ ቫውቸሮች ሲቀንሱ የሚቀልላችሁን ሥራ አብረን እንቁጠር አልኩ። ከዚያ ክፍል የሚመጣ ቅድሚያ ጠያቂ አሁን እምብዛም የለም። ከሌሎቹ ግን ያው ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ተስፋ ያደረግኩበት የቁጠባው ነው። ታለርና ሽሎሞ በናርትዚ የነደፉት አንድ ዘዴ አለ። ሠራተኛውን ዛሬ ቆጥብ አይሉትም፣ የሚቀጥለው የደሞዝ ጭማሪህ ሲመጣ ከጭማሪው ላይ የተወሰነው ወደ ቁጠባ ይሂድ ብለህ አሁን ፈርም ይሉታል። ዛሬ የሚያጣው ነገር የለም፣ ጭማሪው ሲመጣም ደሞዙ ከቀድሞው አይቀንስም። ካልፈለገ በማንኛውም ጊዜ መውጣት ይችላል። መጀመሪያ በተሞከረበት ድርጅት የተቀላቀሉት ሰዎች የሚቆጥቡት ከደሞዛቸው 3.5 በመቶ ነበር። ከ40 ወር በኋላ 13.6 በመቶ ደረሰ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ዘዴው ለዛሬ ማድላትን አልታገለውም። ውሳኔውን ሩቅ ወስዶ፣ ሁላችንም ቸር የምንሆንበት ቦታ ላይ አስቀመጠው።

እኛ ጋ ጭማሪ የሚመጣው ሐምሌ ላይ ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ቅጹን ግንቦት ላይ በተነ። አንዳንዶቹ ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ አንዳንዶቹ «ሐምሌ ላይ ጭማሪ ለመኖሩ ምን ዋስትና አለ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ አከበርኩት፣ ሥራ አስኪያጁም የጭማሪውን ደብዳቤ ቀድመው ፈርመው ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ ያደረግኩት በዚያ ምክንያት ነው። ደብዳቤው ከተለጠፈ በኋላ ፈራሚው በዛ።

ከሁሉ በላይ የገረመችኝ በየወሩ 25 ላይ የማትቀር አንዲት ልጅ ናት። ቅጹን ሁለቴ አነበበችውና «ሐምሌ ላይ ሐሳቤን ብቀይርስ?» አለችኝ። ትችያለሽ፣ ማኅበሩ ጋ ሄደሽ የመውጫ ቅጽ ትሞያለሽ አልኳት። ማኅበሩ ያለው ግቢው ወዲያ ማዶ ነው። «በየትኛው ሰዓት እሄዳለሁ ጋሼ» አለችና ፈረመች። ሐምሌ አለፈ። ነሐሴም አለፈ። ቅድሚያ ለመጠየቅ አሁንም አንዳንድ ጊዜ ትመጣለች፣ የቁጠባ ደብተሯ ላይ ግን በየወሩ 300 ብር እየገባ ነው።